ቅጽ አምስት፦ ቢዮ ጉራቻ

ስም፦ ቢዮ ጉራቻ።
ከድሬዳዋ በስተምሥራቅ። እስከ ኮረብታው ሥር ባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ እግር።
«በኦሮምኛ ጥቁር አፈር ነው» ይላሉ ሽማግሌው ሙሜ፤
ሮብሌ ይስቃል፦ «በሶማልኛ ቢዮ ውሃ ነው፣ ወንድሜ!
አፈሩን እናንተ ያዙ፣ ውሃውን ለእኛ ተዉት።»
ሁለቱም አሸዋውን አዩ። ሁለቱም ዝም አሉ።
ቅጹ ስም እንጂ ትርጉም አይጠይቅም፤
ጻፍኩና አለፍኩ። ለክርክር መስመር የለውም።

አዋሳኝ፦
በሰሜን የድሮው የባቡር ሐዲድ፣
ፍየል የሚታሰርበት፣ ሕፃን የሚወድቅበት በአንድ እግሩ ሲሄድ።
በደቡብ ቋጥኝ። በምሥራቅ ወንዝ፤
ወንዝ ማለቴ አሸዋ። ዓመት ሙሉ መንገድ ሆኖ ይሰነብትና
አንድ ሌሊት፣ ሐምሌ ላይ፣ ወንዝነቱ ትዝ ይለውና
ግመል ከነጭነቱ ይወስዳል።
በምዕራብ ምን እንዳለ ሦስት ሰው ጠየቅኩ፤ ሦስት ስም ሰጡኝ፤
ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሱን ባትጽፈው» አለኝ።

የሕዝብ ብዛት፦
ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት።
«ልጄን ቆጥረኸዋል?» አለች ደሃቦ፣ በሩ ላይ ቆማ፤
«በኦቦክ በኩል ነው የሄደው፣ በጀልባ፣ በጨለማ።
ከባሕሩ ማዶ ካለ የእነሱ ነው፤
ከባሕሩ በታች ካለ የማን ነው?
እስካሁን አልደወለም።
እዚህ ቁጠርልኝ፤ ምንጣፉን አላነሣሁም።»
ቅጹ ላይ «ነዋሪ» አለ፣ «የሞተ» አለ፣ «የለቀቀ» አለ፤
እስክሪብቶዬ በሦስቱ መሃል ዋለለ።

ዋና ምርት፦ ማሽላ፣ ዝናብ ከመጣ።
ጫት ከጓሮ፣ ጥቂት፤ ማለዳ በእርጥብ ጆንያ ለቀፊራ።
በለስ፣ ማንም ሳይተክለው።
ልዩ ልዩ፦ ሌሊት በበረሃው የሚመጣ ጨርቅና ሲጋራ።
ይህንን አልጻፍኩም፤
አንድ ሸሚዝ ገዛሁ እንጂ፣ ዋጋውም አይከፋም።

ትምህርት ቤት፦ አንድ። ክፍል፦ አራት። ጣሪያ፦ ሦስት ተኩል።
ግማሹን ነፋስ ነው የወሰደው። ርዕሰ መምህሯ ዚያዳ
«ሰማይ የሚታይበትን ለጂኦግራፊ ሰጠሁት» አለችኝ፣ ሳትስቅ።

የውሃ ተቋም፦
እዚህ ላይ ሮብሌ መሣቁን ተወ።
እጄን ይዞ ወደ ቦኖው ወሰደኝ። ሸረሪት አድርታበታለች የቧንቧውን አፍ።
«ጠብ ካለ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው።
አምና ለምነን ለምነን፣ ፓምፕ ይመጣላችኋል አሉ፤
ኋላ ቢሮው መዝገብ ቢያይ ‹ይሠራል› ይላል፤ ለሌላ ቀበሌ ሰጡ አሉ።
ማን እንደጻፈው እንጃ። የመጣ ሰው አላየንም።»

አላዩኝም። አልመጣሁም።
ከዚራ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ
የካቻምናውን ገለበጥኩት፤
ቦኖ፦ ሁለት። የሚሠራ፦ ሁለት።
የአምስት ቀን አበል ፈረምኩ።
የእጅ ጽሑፌ ያምራል፤ አለቃዬ ሁሌም ያነሡታል።

ይህን ለሮብሌ አልነገርኩትም። አፌ ደረቀ።
ደሃቦ ውሃ ጥም መስሏት
በቆርቆሮ ኩባያ አመጣችልኝ፣ እስከ አፍ ጢሙ ሞልታ።
አራት ሰዓት የአህያ መንገድ ነው፣ ያ ኩባያ።
መመለስ ነውር ነው በዚህ አገር። ጠጣሁት።
ጨው ጨው ይላል። ከሥሩ የቀረውን ጭላጭ
ተቀብላኝ ለዶሮዋ ደፋችው፤ መሬት አላስነካችውም።

አስተያየት፦
የተተወው ቦታ አንዲት ጣት አይሞላም።
ወደ ላይ ተመለስኩ። ቦኖ፦ ሁለት። የሚሠራ፦
እጄ ከልማዷ የሁለትን አንገት ጀመረች፤
ሰረዝኩት። ደግሜ ሰረዝኩት፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ።
ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ቢሮው አይቀበልም።
ሮብሌ በትከሻዬ በኩል ያያል፤ ፊደል አልቆጠረም፤
«አሁን ምን ይላል?» አለኝ።